ሙጫው የለቀቀ መጽሐፍ፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ

ይህ ጉዞ በድምሩ ሃያ ሺህ ሰማንያ ብር አስወጥቶኛል። ቀድሜ የምናገረው አንባቢ መሀል ላይ «ይሄን ሁሉ ማን ከፈለለት?» እያለ እንዳይጨነቅልኝ ነው። ከአንድ ሻይ በስተቀር ማንም አልከፈለልኝም። አውቶቡሱም፣ አልጋውም፣ ጥብሱም፣ ተበላሽቶ የተመለሰብኝ መጽሐፍም ከኪሴ ነው።

የመጽሐፍ ነጋዴ ነኝ። ድሮ አስፋልት ዳር ላስቲክ አንጥፌ እሸጥ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ላስቲኩን በአራቱም ማዕዘን ጠቅልዬ እሮጣለሁ። አሁን የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሱቅ አለኝ። ዝናብ ሲመጣ አልሮጥም፣ ባልዲ አስቀምጣለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት እብደት ቢጤ ያዘኝና በራሴ ገንዘብ አንድ መጽሐፍ አሳተምኩ። ሽማግሌዎች ያስታረቋቸው የጠብ ታሪኮች ናቸው፣ ከየሀገሩ የተሰበሰቡ፣ ሠላሳ ታሪክ። እያንዳንዱ ጠቡን ይተርክና መጨረሻ ገጹ ላይ ፍርዱን ይናገራል። ሦስት ሺህ ቅጂ ነበር። አዲስ አበባ ላይ እንደ ነገሩ ሄደ፤ ከጎጃም መስመር ግን «ላክ» የሚል ስልክ ተቋርጦ አያውቅም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

አሁን ከባለቤቴ ከአልማዝ ጋር ያጠራቀምነው ስድስት መቶ ሃምሳ ሺህ ብር አለ። ሌላ የለንም። እኔ መጽሐፉን ደግሜ ሦስት ሺህ ላሳትምበት እፈልጋለሁ። አልማዝ ደብተር እንድንገዛበት ትፈልጋለች። «ደብተር ባዶውን ይሸጣል፤ ያንተ ተጽፎበትም አይሸጥ» ትላለች። ማተሚያ ቤቱ የወረቀቱን ዋጋ እስከ ዓርብ ይዤልሃለሁ ብሏል። ከዓርብ በኋላ ዋጋው የእግዜር ነው። ስለዚህ እስከ ዓርብ መወሰን አለብን፤ ብሳሳት ይህን ያህል ገንዘብ እንደገና ለማጠራቀም ዕድሜዬ አይበቃም።

በዚሁ ሰሞን ጥናት የሚሠሩ ሁለት ትሑት ወጣቶች ሱቄ መጥተው አሥራ ሁለት ገጽ ቅጽ ሰጡኝ። የሀገራችን የመጻሕፍት ኅትመት ኢኮኖሚያዊ ተወዳዳሪነት የሚለካበት ነው አሉኝ። አንደኛው ገጽ ላይ «የአንባቢ የመክፈል አቅም» ይላል፤ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ። እዚያው ቆሜ ዝቅተኛው ላይ ምልክት አደረግኩ። ሁለተኛው ገጽ ግብዓቱ ከየት እንደሚመጣ ይጠይቃል። ወረቀቱ ከውጭ፣ ቀለሙ ከውጭ፣ ማሽኑ ከውጭ፣ ሙጫው ከውጭ። የኛ የሆነው ታሪኩና የፊደል ስህተቱ ብቻ ነው። እንደዚያው ጻፍኩላቸው። የቀረውን መንገድ ላይ እሞላዋለሁ ብዬ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት። አዲስ አበባ

አውቶቡስ ተራው ገና ጨለማ ነው። የጭስ ሽታ፣ የጫኝ ጩኸት፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ መንገደኞች። ቲኬቱ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር። አራት ካርቶን ይዣለሁ፣ በካርቶኑ አርባ መጽሐፍ። ጫኙ አንዱን ካርቶን ብድግ አደረገና መልሶ አስቀመጠው።

«ድንጋይ ነው እንዴ?»

«መጽሐፍ ነው።»

«ድንጋይ ቢሆን ሁለት መቶ ብር ነበር። መጽሐፍ ዝናብ ሲነካው ባለቤቱ ይከሰኛል። ሦስት መቶ።»

በካርቶን ሦስት መቶ ከፈልኩ። ቅጹ ላይ «የትራንስፖርት ወጪ» የሚል አለ፤ ድንጋይ ከመጽሐፍ እንደሚረክስ የሚጻፍበት ቦታ ግን የለም።

ፍቼን አልፈን ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ፀሐይ ሞቅ አለች። ከዚያ መንገዱ ወደ ዓባይ መውረድ ይጀምራል። ይህን ገደል ስንት ጊዜ እንዳለፍኩት አላውቅም፤ ሁልጊዜ ግን አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ወሬ በአንድ ቦታ ላይ ቀጥ ይላል። አሁንም ቀጥ አለ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ የምትልጠውን ብርቱካን ጉልበቷ ላይ ትታ በመስኮት ታያለች። ታች ድልድዩ ክር ያህላል። ምድር እንዲህ ተሰንጥቃ ሳለ ከወዲያ ማዶ ያለ ሰው የኔን መጽሐፍ ፈልጎ ስልክ መደወሉ ለራሴ ገረመኝ።

ፍተሻ ሦስት ቦታ ነበረ። በአንዱ ፈታሹ ካርቶኑን ከፍቶ አንድ መጽሐፍ አወጣና ጥቂት ቆሞ አነበበ። ሹፌሩ ክላክስ ነካ ሲያደርግ «ቆይ፣ ሊታረቁ ነው» አለ። አንድ ገጽ ጨርሶ ነው የለቀቀን።

ደምበጫ ላይ ምሳ፤ ሽሮ መቶ ሃያ ብር። ሹፌሩ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ጣቱን እየላሰ «ምንድን ነው ሥራህ?» አለኝ። አሳታሚ ነኝ አልኩት።

«ምን ያተርፋል?»

«ከአንድ መጽሐፍ ሰባ ብር።»

«በዓመት?»

«ኧረ ሲሸጥ።»

«ታዲያ እኔ ለአንድ ጎማ የማወጣውን አንተ መቼ ልታተርፈው ነው?» ብሎ የኔንም ሻይ ከፈለልኝ። ሰው ሲያዝንልህ ደስ አይልም፣ ሻይ ግን ሻይ ነው።

ማክሰኞ፣ ማምሻውን 11 ሰዓት ተኩል። ፍኖተ ሰላም

ከጅጋ ጀምሮ መንገዱ ቀይ ነው። በርበሬ በየግቢው፣ በየሸራው፣ በየቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ተሰጥቷል። አውቶቡሱ ውስጥ ያለነው ሁሉ በየተራ እናስነጥሳለን። ፍኖተ ሰላም ስንገባ ባጃጅ፣ የፈረስ ጋሪ፣ ከቢሮ የሚወጣ ሠራተኛ፣ የበቆሎ ጆንያ የተሸከመ አህያ፣ ሁሉም በአንድ አስፋልት ላይ ነው፤ ማንም ማንንም አይገጭም። አልጋ በአራት መቶ ሃምሳ ብር ይዤ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ጠዋት 3 ሰዓት። ፍኖተ ሰላም

ወይዘሮ እታገኝ እዚህ ከተማ ውስጥ መጽሐፌን የምትሸጥልኝ ናት። ሱቋ ዋናው መንገድ ዳር ነው፤ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ፎቶ ኮፒ፣ የሞባይል ካርድ፣ በአንድ በኩል ደግሞ መጽሐፍ። ሰላምታችን ረጅም ነበር። ጤናዬን፣ የአልማዝን ጤና፣ የመንገዱን ጤና ጠየቀችኝ። ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ጋሼ፣ እስቲ ይክፈቱት» አለችኝ።

ከፈትኩት። መሀሉ ላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና አሥር ገጽ ያህል እጄ ላይ ቀረ።

«መደርደሪያው ላይ ያሉት አርባ ሦስቱም እንዲሁ ናቸው» አለች። «ቆርቆሮው ሲግል ሙጫው ይደርቃል። እኔማ ደንበኛ መጽሐፍ ሲገልጥ ዓይኔን መጨፈን ጀምሬያለሁ።»

ዕቃ ሲበላሽ ነጋዴ የሚለው ነገር አለ፤ መጋዘን ነው፣ አያያዝ ነው፣ ፀሐይ ነው። አንዱንም ማለት አልቻልኩም። የርካሹን ሙጫ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ከቅጂ ጥቂት ብር አተርፋለሁ ብዬ። አርባ ሦስቱን በአዲስ ለወጥኩላት። የአንዱ ማሳተሚያ ሁለት መቶ አሥር ብር ስለሆነ ዘጠኝ ሺህ ሠላሳ ብር ነው። ስድስት መቶ ሃምሳ ሺውም ዓይኔ እያየ ወደ ደብተር ሲዞር ታየኝ።

«እንዲያው ስጠይቅሽ» አልኩ፣ «እየፈረሰ ለምን ትጠሪኛለሽ? ለምን ላክ ትይኛለሽ?»

«አይ፣ ይሸጣላ። የቡሬው መሪጌታ ሲመጡ አምስትም ስድስትም ይወስዳሉ። እሳቸውማ አዲሱን ስሰጣቸው አይፈልጉም። ‹ሙጫው የለቀቀውን ስጭኝ› ነው የሚሉኝ።»

«በቅናሽ?»

«ኧረ በሙሉ ዋጋ። ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ቆጥረው ነው የሚሄዱ።»

ሃያ ዓመት ነግጃለሁ። የተቀደደ ጫማ የሚመርጥ፣ የተሰነጠቀ ብርጭቆ አምጡ የሚል ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። እታገኝ ከተለወጡት ሌላ ስልሳ አዲስ በሁለት መቶ ሰማንያ ሂሳብ በጥሬ ገንዘብ ወሰደች። የቀረውን በአደራ ተውኩላትና አንዱን ጤነኛ ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ፣ አርባ ሦስቱን በሽተኞች ካርቶን ውስጥ አድርጌ ወደ ቡሬ ሚኒባስ ተራ በባጃጅ ሄድኩ።

ረቡዕ፣ ከሰዓት 9 ሰዓት። ቡሬ

መሪጌታ ይትባረክ ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል። ቤታቸው ከገበያው ጀርባ፣ ባሕር ዛፍ አጥር ውስጥ ነው። በረንዳው ላይ ቆዳ ተወጥሯል፣ የዋንዛ ጣውላ ተደርድሯል፣ ወስፌና ክር በጣሳ አለ። በአብነት ትምህርት ቤት ሳሉ መጽሐፍ መጠረዝና መደጎስ ተምረዋል፤ የሚኖሩት በሱ ነው። እጅ ነሥቼ ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

«እህ» አሉ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ከውስጥ በኩል ያለውን ባዶ ቦታ ለምን ሰሰትክ፣ ወንድማለም?»

«እንዴት መሪጌታ?»

መጽሐፌን አንሥተው ገጹን በአውራ ጣታቸው ወደ መሀል ጫን አደረጉ። «በክር ልሰፋው በወስፌ ስወጋው ፊደሉን ይበላዋል። አንዲት ጣት ብትተውልኝ ምን ነበር?»

እውነቱን ነገርኳቸው። ጠርዙን በማጥበብ አሥራ ስድስት ገጽ ወረቀት ቆጥቤያለሁ። ያኔ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ጎበዝ ነህ ተብዬ ነበር። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ሥራቸውን አሳዩኝ። ሙጫው የለቀቀውን የሚመርጡት ያልለቀቀውን ለመፋቅ ግማሽ ቀን ስለሚፈጅባቸው ነው። ገጾቹን በተራ ይደረድራሉ፣ በወስፌ ይበሳሉ፣ በክር ይሰፋሉ፣ ከዋንዛ ጣውላ ገበታ የሚሉትን ሽፋን ያበጁለታል፣ በቀይ ቆዳ ያለብሱታል፣ በጋለ ብረት ሐረግና መስቀል ይደጉሱበታል። አንድ ያለቀ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። የራሴን መጽሐፍ አላወቅኩትም። እንደ ሕፃን ከበደኝ። ገለጥኩት፤ ድምፅ የለም። በሁለት እጄ ይዤ ከገበታው አወዛወዝኩት፤ አንድ ገጽ አልተነቃነቀም።

«ይህ ስንት ዓመት ይቆያል?»

«እኔን ይቀብረኛል፤ አንተንም።»

«ስንት ያስከፍላሉ?»

«ስድስት መቶ።»

መጽሐፉ ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ልብሱ ስድስት መቶ። በሁለት ዓመት ውስጥ የኔን መጽሐፍ ብቻ ከመቶ በላይ ጠርዘዋል። በልቤ አባዛሁት። እኔ ከነዚያው መቶ መጻሕፍት ያተረፍኩት ሰባት ሺህ ብር ነው፤ እሳቸው ጋ የገባው ስድሳ ሺህ። ቆዳው ከቡሬ በግ፣ ጣውላው ከቡሬ ዋንዛ፣ እጁ ከቡሬ። ከውጭ የመጣ ክሩ ብቻ ነው። ተወዳዳሪዬ ማን እንደሆነ ያ ቅጽ በሦስት ገጽ ጠይቆኛል፤ አውቶቡስ ውስጥ ጎረቤት ሀገር ነው ብዬ ሞልቼ ነበር። ተወዳዳሪዬ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ወስፌ እየሳለ ነው፣ እኔም መጽሐፉን አቅፌ ቆሜያለሁ።

«ማን ነው ይህን ያህል የሚከፍል?» አልኩ።

«ገበሬው ነዋ። ነገ አቦ ነው፣ አይታረስም። ሁለት መጽሐፍ የማደርስበት አገር አለ። ጉልበት ካለህ ና።»

ከመሄዴ በፊት አርባ ሦስቱን በሽተኞች አወጣሁ።

«መቶ መቶ ብር» አሉ።

«መሪጌታ፣ ወረቀቱ ብቻ ከዚያ ይበልጣል።»

«ሙሉ ዋጋ የምከፍለው የታዘዘልኝ ጊዜ ነው፤ የዚህ ወረቀትማ እየረገፈ ነው። ቶሎ ወስን፣ ገጹ ረግፎ ሳያልቅ።»

መቶ መቶ ብር ሸጥኩ። ለማሳያ ደግሞ አስቀድመው የደጎሷቸውን ሁለት መጽሐፍ ገዛሁ፤ ቅናሽ ጠይቄ አላገኘሁም።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት። ከቡሬ ወደ አዊ በኩል

በሞተር እስከ ወንዙ፣ ከዚያ በእግር። መሪጌታ ከፊት፣ መጻሕፍቱን በነጭ ጨርቅ አዝለው፤ እኔ ከኋላ፣ ትንፋሼን ፍለጋ። የበቆሎ አገዳ ቆሞ ደርቋል። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። ውሃው በየቦዩ ይወርዳል። ምድሩ ጥቁር፣ አየሩ ንጹሕ፣ ሰማዩ ከመጠን በላይ ትልቅ። መንገድ ላይ ያገኘነው ሰው ሁሉ ቆሞ ይሳለማል፤ መሪጌታን በስም፣ እኔን በጥርጣሬ።

ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ትልቅ ሾላ አለ። ሥር ያለው ሰው ሠላሳ ይሆናል፤ ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ፣ ሌላው መሬት። መሀል ላይ አንዲት ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ከትከሻዋ ከተንጠለጠለ የቆዳ ማኅደር ውስጥ መጽሐፍ አወጣች። ትርንጎ ትባላለች፤ እስከ አሥረኛ ክፍል የተማረች፣ ያገሩ ገበሬ ሚስት፣ በትውልዷ አዊ። መጽሐፉ የኔ ነው። ቀይ ቆዳ ለብሷል።

ማንበብ ጀመረች። ሰውዬው በሬ ተዋሰ፤ በሬው ቀንበር ላይ ሞተ፤ ባለበሬው ክፈለኝ አለ፤ ተበዳሪው ድሮም የታመመ ነበር አለ። ጥቂት ታነብና ቆም ብላ በቀኝ በኩል ላሉት አዛውንቶች ያንኑ ወደ ቋንቋቸው፣ ወደ አውኝ፣ ትመልስላቸዋለች። ሌላው ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ማንም አይቸኩልም። ሙሉ ታሪክ በሁለት ቋንቋ ሄደ፣ አንድም ሰው ሳይተረጎምለት አልቀረም። ትርጉም በከተማ በገጽ ስንት እንደሚከፈል አውቃለሁ።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ መጽሐፉን ጣቷን አግብታ ዘጋችው።

«ፍረዱ» አለች።

ፍርዱን አታነብም። ልማዳቸው ይህ ነው፤ መጀመሪያ እነሱ ይፈርዳሉ፣ ከዚያ መጽሐፉ ይሰማል።

አንዱ ተነሣ። «በሬው ሲታመም ያየ ጎረቤት የለም ወይ?»

«አንተ ዳኛ ብትሆን በሬውንም ከሞተበት አስነሥተህ ምስክር ታደርገው ነበር» አለው ሌላው። ሳቅ ሆነ።

«ከበሬው ቃልማ ያንተ አይሻልም፤ አምና ለምሽት የተዋስከውን መጥረቢያ እስካሁን ምሽት ነው ትላለህ» አለ የመጀመሪያው።

ከአዛውንቶቹ አንዱ በአውኝ ረጋ ብለው ተናገሩ፤ ትርንጎ ወደ አማርኛ መለሰችው፦ ቆዳውን ማን ወሰደው? ማንም ይህን አላሰበም ነበር። ቆዳውን የወሰደ ሰው በሬውን የኔ ብሏል ማለት ነው አሉ። ሙግቱ ከዚያ ተነሥቶ ሌላ ግማሽ ሰዓት ሄደ። እኔ ይህን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ለስህተት አንብቤዋለሁ። ቆዳው ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ሲያበቁ ትርንጎ ፍርዱን አነበበች፤ ከእነሱ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ፣ ደስ አላቸው። ያኔ መሪጌታ ተነሥተው «ይህን መጽሐፍ ያሳተመው ይህ እንግዳ ነው» አሉ።

ምስጋና ጠበቅኩ፤ አልዋሽም። ሽማግሌያቸው አያ ሞላ ዱላቸውን ተደግፈው አዩኝ።

«እርስዎ ነዎት? የንቡን ፍርድ የት ጣሉት?»

መሪጌታ አስረዱኝ። ከሠላሳው ታሪክ አንዱ የንብ ነው። የአንድ ሰው ንብ ከቀፎው ኮብልሎ የጎረቤቱ ቀፎ ገባ፤ ባለንቡ «የኔ ነው» ይላል፣ ጎረቤቱ «በገዛ እግሩ የመጣ ነው» ይላል። ይህ መጽሐፍ ከፍኖተ ሰላም ሲመጣ፣ ሳይጠረዝ በፊት፣ የዚያ ታሪክ የመጨረሻ ገጽ መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል። በኔ ሙጫ ምክንያት ሁለት ዓመት ሙሉ ፍርድ አልባ ተቀምጠዋል።

«ታዲያ ምን አደረጋችሁ?» አልኩ።

«ራሳችን ፈረድነዋ» አለች ትርንጎ። «አራት በዓል ተከራክረንበት።»

ፍርዳቸው ይህ ነበር። ንቡ የመረጠው ቀፎ ውስጥ ይኑር። የመጀመሪያውን ማር ሁለቱ ቤተሰብ በአንድ ገበታ አብረው ይብሉት፣ አብሮ የበላ በኋላ ነገር አያነሣምና። ከዚያ ንቡ ሲበዛና አዲስ መንጋ ሲወጣ መንጋው ለቀድሞው ባለቤት ይሰጠው።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አያ ሞላ በዱላቸው ሁለት ሰዎች ጠቆሙኝ፤ ዳምጤና ፈንታ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ። አምና የዳምጤ ንብ ሸሽቶ የፈንታ ቀፎ ገባ። በመካከላቸው ድንጋይ ተነሥቶ ነበር። በዚያ ፍርድ ታረቁ፤ ማሩም ተበላ፣ መንጋውም ወጥቶ ተሰጠ።

ሙሉው ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሳላስብ አውጥቼ ለትርንጎ ዘረጋሁላት። ተቀበለችኝ፣ ግን አልገለጠችውም። አያ ሞላን አየች። ያኔ ነው ያደረግኩት የታወቀኝ። ዳምጤ «የመጽሐፉ ቢለይስ?» አለ፤ ድምፁ ቀልድ አልነበረበትም። ፈንታ መሬት መሬቱን ያያል። ለአንድ አፍታ መጽሐፉን ነጥቄ መሮጥ ከጀለኝ።

አያ ሞላ «ዳምጤ፣ ማሩን በልተሃል?» አሉ።

«በልቻለሁ።»

«ፈንታ፣ መንጋውን በእጅህ ሰጥተሃል?»

«ሰጥቻለሁ አያ።»

«የተበላ ተበልቷል፣ የተሰጠ ተሰጥቷል። መጽሐፉ የፈለገውን ይበል፣ ከእርቁ አንወርድም። ትስማማላችሁ?»

ሁለቱም እሺ አሉ። ትርንጎ አነበበች። መጽሐፉ እንዲህ ይላል፦ ማሩን እኩል ተካፈሉ፣ በሰላም ሂዱ። በአውኝም መለሰችው። አጭር ስለሆነ ቶሎ አለቀ።

ሁሉም ተጨማሪ ጠበቀ። የለም።

«ንቡስ?» አለ ፈንታ። «ማሩን ተካፈሉት። ንቡ የማን ሆነ?»

አንድ ሺህ ጊዜ በእጄ ያለፈ ገጽ ነው፤ ንቡን ረስቶታል። ዳምጤ መሳቅ ጀመረ፣ ፈንታም ተከተለው፣ ከዚያ ሾላው ሥር ያለው ሁሉ። የሳቁት በመጽሐፉ ነው፣ ግን እንደ ጎረቤት ነው የሳቁበት፤ ደህና ሰው ሆኖ አንዳንዴ እንደሚሳሳት ጎረቤት።

«ሲያሳትሙ ይህን ያስተካክሉ» አሉኝ አያ ሞላ።

ቅጹን አውጥቼ ጀርባው ላይ ፍርዳቸውን ቃል በቃል ጻፍኩት። ትርንጎ እየተመለከተች ሁለት ቦታ አረመችኝ። ሳላውቀው ባርኔጣዬን አውልቄ ነበር የምጽፈው። ሰው ቤተ መንግሥት ገብቶ እንደዚያ ይሆን ይሆናል፤ እኔ ሾላ ሥር ሆንኩ።

ከዚያ ነጋዴነቴ ተመለሰና ይህን መጽሐፍ እንዴት እንደገዙት ጠየቅኩ። አሥራ ዘጠኝ ቤት ሃምሳ ሃምሳ ብር አዋጥቶ ነው። ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ብር፤ መጽሐፉና ልብሱ አንድ ላይ። አሁን መሪጌታ ያመጧቸው ሁለቱ ደግሞ ማዶ ላሉ ሁለት መንደሮች ናቸው፤ ከዚህ መዋስ ሰልችቷቸው የራሳቸውን አዘዙ። ቅጹን ገልብጬ «ዝቅተኛ» ያልኩትን ሰረዝኩት።

«እኔ ርካሽ እንዲሆንላችሁ ብዬ ነበር እንዲያ የሠራሁት» አልኳት ትርንጎን።

«ርካሽማ መች ፈለግን?» አለች። «እኛ የሚቆይ ነው የፈለግን። ሠላሳውን ዛሬ ጨረስነው። ሌላ የለዎትም?»

ዓርብ፣ ጠዋት 4 ሰዓት። ቡሬ

አልማዝ ጋ ደወልኩ።

«ስንት ሸጥክ?»

«ስልሳ።»

«ስንት ተበላሸ?»

«አርባ ሦስት።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምታሳትመው?»

ስለ መሪጌታ ነገርኳት፤ «ቀጥል» አለች። ስለ አሥራ ዘጠኙ ቤት ነገርኳት፤ «አሥራ ዘጠኝ ቤት አንድ መጽሐፍ ገዛ ማለት አሥራ ስምንት ቤት አልገዛም ማለት ነው» አለች። ልክ ናት። ስለ ዳምጤና ፈንታ ነገርኳት። እዚያ ላይ ከጀርባዋ ይሰማ የነበረው የድስት ክዳን ድምፅ ቆመ።

«ንቡ የማን ሆነ?»

«ሲታተም ታነቢዋለሽ።»

«ንገረኝ እንጂ።»

«ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ነው። አሁንማ በክር ተሰፍቶ አራት መቶ ሰማንያ ሊሆን ነው።»

የድስቱ ክዳን ሲገጠም ተሰማኝ። «ሁለት ሺህ» አለች። «ሦስት አይደለም። የቀረው ደብተር።»

ከዚያ ማተሚያ ቤቱ። በክር የተሰፋ እፈልጋለሁ ስል ሰውዬው «ማን ይሰፋል ዛሬ?» አለ። እጅ ያለው ሰው ፈልግ አልኩት። ለቅጂ ስድሳ ብር ጨመረ። ከውስጥ በኩል አንድ ጣት ባዶ ተው አልኩት፤ ወረቀት ይጨምራል አለ፤ ይጨምር አልኩት። ከሁለት ሺው ሁለት መቶውን ሳይጠርዝ እንዲልክልኝ ነገርኩት፣ ለመሪጌታ። እሳቸው ጋ ሄጄ ይህን ስነግራቸው ወስፌያቸውን አላስቀመጡም። «ፊደሉን ካልበላሁት ሃምሳ ብር እቀንስልሃለሁ» አሉ። ከሳቸው ያገኘሁት ብቸኛ ቅናሽ ይህ ነው።

የንቡ ታሪክ በአዲሱ ኅትመት ሁለት ፍርድ ይኖረዋል፤ የድሮው፣ ከሥሩ ደግሞ የሾላው።

ቅዳሜ። ፍኖተ ሰላም እስከ አዲስ አበባ

ዓርብ ማታ ተመልሼ ያደርኩበትን አልጋ ከፍዬ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተሳፈርኩ። ሁለቱ የተደጎሱ መጻሕፍት ጉልበቴ ላይ ናቸው፤ ጣሪያ ላይ አላስጫንኳቸውም። ከጎኔ የተቀመጠ ወጣት መምህር አንዱን ለማየት ጠየቀኝ። ከደምበጫ እስከ ጎሐ ጽዮን አልመለሰልኝም። ዓባይ ገደል ላይ ሁሉም ዝም ሲል እሱ ቀና አላለም።

ማምሻውን ቤት ደረስኩ። አልማዝ በሩን ከፍታ መጀመሪያ መጽሐፉን ተቀበለችኝ፣ ቀጥሎ ቦርሳዬን። መጽሐፉን እንደ ሕፃን መዘነችው። ከዚያ ተቀምጠን አሰብነው።

ወጪ ሃያ ሺህ ሰማንያ ብር። ከስልሳው መጽሐፍ የተገኘ ትርፍ አራት ሺህ ሁለት መቶ። መሪጌታ ለአርባ ሦስቱ የከፈሉት አራት ሺህ ሦስት መቶ። ኪሳራ፣ አሥራ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ ብር። አልማዝ ከሥሩ አሰመረችና «ሁለት ሺህ ብያለሁ፣ ሁለት ሺህ ነው» አለች።